ወታደሩ አልደከመም ነበር፦ የቲ ሴሎችና የቆዳ ካንሰር የመቶ ዓመት ታሪክ

ጽሑፉ ረዘም ይላል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦብ ማርሌ በሜይ 1981 ማያሚ ውስጥ ሲሞት 36 ዓመቱ ነበር። የገደለው ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ነው። በሽታው በ1977 የተገኘው በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ነበር። ጣቱ እንዲቆረጥ ሐኪሞች መከሩት፤ እሱ ግን አልተቀበለም። ጥፍሩንና ከሥሩ ያለውን ሥጋ ብቻ አንስተው ቦታውን ከሌላ የሰውነቱ ክፍል በወሰዱት ቆዳ ሸፈኑለት። ከሦስት ዓመት በኋላ ካንሰሩ አንጎሉ ድረስ ዘልቆ ተገኘ። ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ፤ ፍትሐቱም በዚሁ ሥርዓት ተፈጸመ።

ጂሚ ካርተርንም እናውቃቸዋለን። በ1989 የደርግን መንግሥትና ሻዕቢያን አትላንታ ላይ ፊት ለፊት ያቀመጡ ሰው ናቸው። በስማቸው የተቋቋመው ማዕከል በጊኒ ዎርምና በትራኮማ ላይ በአገራችን ለዓመታት ሠርቷል። በኦገስት 2015፣ የ90 ዓመት አዛውንት ሳሉ፣ ሜላኖማ ከጉበታቸው አልፎ አንጎላቸው ላይ አራት ቦታ መታየቱን ራሳቸው ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ሁሉም የስንብት ንግግር መስሎት ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ግን በተደረገላቸው ምርመራ ካንሰር አልታየም። በዲሴምበር 2024 ሲያርፉ 100 ዓመት ሞልቷቸው ነበር።

በሁለቱ መካከል 34 ዓመት አለ። በ1981 ሜላኖማ ለተሠራጨበት ሰው ዳካርባዚን የሚባል ኬሞቴራፒ ነበር፤ ዕድሜ እንደሚያራዝም ግን ማስረጃ አልነበረውም። አብዛኛው ሕመምተኛ ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። ታዲያ በእነዚህ ዓመታት ምን ተገኘ?

የእኔን መልስ አስቀድሜ ልናገር። ሕክምናው ለመቶ ዓመት ያህል «የሰውነታችንን ወታደር እንዴት እናጠንክረው?» እያለ ሲደክም ኖረ። በሩ የተከፈተው «ወታደሩን ቁም ያለው ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሲገኝ ነው። ይህን ልዩነት ማወቅ ዛሬ በየሱቁና በየስልካችን «ኢሚዩኒቲ ይጨምራል» እየተባለ ለሚሸጥልን ነገር ሁሉ መልስ ይሆናል። ለዚህ ነው ታሪኩን ከሥሩ የማነሳው።

▪️ ትኩሳት ያዳነው ስደተኛ

ዊሊያም ኮሊ የኒውዮርክ ወጣት ቀዶ ሐኪም ነበር። በ1891 መጀመሪያ ላይ ሳርኮማ የሚባል ካንሰር የያዛት አንዲት ወጣት እጁ ላይ ሞተችበት። ክንዷን ቆርጦላት ነበር፤ አላዳናትም። ሐዘኑ እንቅልፍ ነሳውና የሆስፒታሉን አሮጌ መዛግብት ማገላበጥ ጀመረ።

እዚያ ውስጥ የአንድ ጀርመናዊ ስደተኛ ታሪክ አገኘ። ሰውየው አንገቱ ላይ የነበረው እባጭ በተደጋጋሚ ቢቆረጥም ተመልሶ ይመጣ ነበር። በመጨረሻ ኤሪሲፔላስ የሚባል ኃይለኛ ትኩሳት ያለው የቆዳ ኢንፌክሽን ያዘው። ትኩሳቱ ሲያልፍ እባጩም አብሮ ጠፋ። ኮሊ ሰባት ዓመት ያለፈውን ይህን ታሪክ ይዞ ሰውየውን በኒውዮርክ የድሆች ሰፈር ፈልጎ አገኘው፤ ሙሉ ጤነኛ ነበር።

ኮሊ በዚያው ዓመት ባክቴሪያውን ራሱን ሕመምተኞች ላይ መውጋት ጀመረ፤ ቆይቶም የሞተ ባክቴሪያ ይጠቀም ጀመር። አንዳንዱ ዳነ፣ አብዛኛው አልዳነም፣ በኢንፌክሽኑ የሞተም አለ። ለምን አንዱ እንደሚድንና ሌላው እንደማይድን ኮሊም ሆነ ሌላ ሰው ማስረዳት አልቻለም። በዚያው ዘመን መጠኑ ተለክቶ የሚሰጥ የጨረር ሕክምና መጣና የኮሊ መንገድ ተረሳ። ኮሊ በ1936 ሞተ። ያየው ነገር እውነት ነበር፤ የጎደለው ወታደሩ ማን እንደሆነ ማወቁ ነው።

▪️ ትርፍ የተባለው እጢ

ከልብ በላይ፣ ከደረት አጥንት ጀርባ፣ ታይመስ የሚባል እጢ አለ። በሕፃንነት ትልቅ ነው፤ ስናድግ እየከሰመ ይሄዳል። እስከ 1960 አካባቢ ድረስ ብዙ ሊቃውንት ይህን እጢ ሥራ የሌለው፣ ያረጁ ሴሎች የሚሞቱበት መቃብር አድርገው ነበር የሚያዩት።

ዣክ ሚለር የተባለ ወጣት ተመራማሪ በ1961 ለንደን ውስጥ የአይጦችን የደም ካንሰር ሲያጠና ገና ከተወለዱ አይጦች ላይ ይህን እጢ አወጣ። አይጦቹ መክሳትና በኢንፌክሽን ማለቅ ጀመሩ። ከሌላ ዘር አይጥ የተወሰደ ቆዳ ሲለጠፍባቸውም እንደ ራሳቸው ተቀበሉት። ጤነኛ አይጥ እንዲህ ያለውን ቆዳ በቀናት ውስጥ ነው አንቆ የሚጥለው። «መቃብር» የተባለው ቦታ የጦር ማሠልጠኛ ኖሯል። ሚለር በኋላ ሜልበርን ሄዶ ከግራሃም ሚቸል ጋር ባሳተመው የ1968 ሥራ የመከላከያ ሴሎቻችን ሁለት ዓይነት መሆናቸውን አሳየ። በታይመስ የሚሠለጥኑት በእጢው የእንግሊዝኛ ስም የመጀመሪያ ፊደል ቲ ሴሎች ተባሉ።

ቲ ሴል ጠላትን የሚለይበት መንገድ ይገርማል። እያንዳንዱ የሰውነታችን ሴል በውስጡ ከሚሠራው ፕሮቲን ቁራጭ እየወሰደ በላዩ ላይ ይሰቅላል፤ ደረቱ ላይ መታወቂያ እንዳንጠለጠለ ሰው ማለት ነው። ቲ ሴል እየዞረ መታወቂያ ይፈትሻል። ቁራጩ የታወቀ ከሆነ ያልፋል፤ እንግዳ ከሆነ ሴሉን ይገድላል። የዚህን መታወቂያ አሠራር በ1974 ካንቤራ ላይ የደረሱበት ፒተር ዶኸርቲና ሮልፍ ዚንከርናጌል በ1996 ኖቤል ተሸልመውበታል።

የቆዳ ካንሰር የዚህ ታሪክ ዋና የጦር ሜዳ የሆነው ለዚህ ነው። ብዙውን ሜላኖማ የሚያስነሳው የፀሐይ ጨረር የሴሉን ዘረመል ሺህ ቦታ ይቧጭረዋል። በተቧጨረ ቁጥር መታወቂያው እንግዳ ይሆናል፤ ቲ ሴልም ለመለየት ይቀለዋል። ሐኪሞች ሜላኖማን በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ዙሪያውን የከበቡ ቲ ሴሎች ያገኛሉ። አልፎ አልፎም ካንሰሩ ያለ ምንም ሕክምና ከስሞ ነጣ ያለ ምልክት ብቻ ትቶ ይጠፋል። ወታደሩ ቦታው ድረስ ደርሷል ማለት ነው። ታዲያ ለምን አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ያያል?

▪️ ነዳጅ መርገጥ

የመጀመሪያው ግምት «ቁጥሩ አንሶ፣ ጉልበቱ ደክሞ ነው» የሚል ነበር። የዚህ መንገድ ትልቁ ሰው ስቲቨን ሮዘንበርግ ነው።

በ1968 ሮዘንበርግ ቦስተን በሚገኝ የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታል ተለማማጅ ቀዶ ሐኪም ሳለ የሐሞት ጠጠር ያመመው ሰው መጣለት። መዝገቡ ሲገለጥ ሰውየው ከ12 ዓመት በፊት ጉበት ድረስ የዘለቀ የጨጓራ ካንሰር ይዞት፣ ተስፋ የለውም ተብሎ ወደ ቤቱ የተሸኘ ነው። ሮዘንበርግ ሆዱን ከፍቶ ፈለገ፤ ካንሰር የለም። የዚህን ሰው ደም ወስዶ ለሌላ የጨጓራ ካንሰር ሕመምተኛ ሰጠ፤ ምንም አልሆነም። ጥያቄው ግን ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም።

በ1976 ሮበርት ጋሎ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቲ ሴሎችን የሚያራባ ንጥረ ነገር ተገኘ፤ ኋላ ኢንተርሉኪን-2 ተባለ። በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም የቀዶ ሕክምና ኃላፊ የነበረው ሮዘንበርግ ይህን ይዞ ተነሳ። የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞቹ በተከታታይ ሞቱ። በ1984 ሜላኖማ የተሠራጨባት አንዲት የ33 ዓመት የባሕር ኃይል መኮንን መጣች። መድኃኒቱ በከፍተኛ መጠን ሲሰጣት ሳንባዋ ውኃ ሞልቶ ልትሞት ደርሳ ነበር። ከወራት በኋላ ግን እባጮቿ ጠፉ፤ ከዚያም በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ኖረች።

በ1985 ሮዘንበርግ የ25 ሰዎችን ውጤት አሳተመ፤ በ11ዱ ላይ እባጩ ቀንሶ ነበር። በ1988 ደግሞ ከሜላኖማው ውስጥ ቲ ሴሎችን አውጥቶ፣ በቤተ ሙከራ አራብቶ፣ ለባለቤቱ መልሶ ሰጠ። ከ20 ሰዎች በ11ዱ ካንሰሩ ቀነሰ። ተስፋው ትልቅ ነበር። ኢንተርሉኪን-2 በስፋት ሲሰጥ ግን የሚጠቅመው ከመቶ 16 ለሚሆኑት ብቻ ሆነ፤ ካንሰሩ ሙሉ በሙሉ የጠፋላቸው ከመቶ 6 ናቸው።

ሌላው ተስፋ ክትባት ነበር። በ1991 ብራስልስ ውስጥ የቲዬሪ ቦን ቡድን የሰው ቲ ሴል በሜላኖማ ላይ የሚለየውን የመጀመሪያ ምልክት ከነዘረመሉ አገኘ። ጠላቱ በስም ከታወቀ ወታደሩን በክትባት ማሠልጠን ይቻላል ተባለ። ክትባቶቹ ተሠሩ፤ በደም ውስጥ ካንሰሩን የሚለዩ ቲ ሴሎች በብዛት ተነሱ። እባጩ ግን ማደጉን ቀጠለ። ሮዘንበርግ ራሱ በ2004 በክትባት ያከሟቸውን 440 ሕመምተኞች ሲቆጥር እባጩ የቀነሰላቸው 2.6 በመቶ ብቻ ሆነው አገኛቸው። ወታደር ሞልቷል፤ ውጊያ የለም።

የእጅ ፍሬን ሳይለቅ ነዳጅ የሚረግጥ ሾፌር አስቡ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጭሱ ይወጣል፣ መኪናው ግን አይሄድም።

▪️ ፍሬኑ

በ1987 ማርሴይ ውስጥ የፒየር ጎልስታይን ቡድን በቲ ሴል ላይ ሲቲኤልኤ-4 የተባለ ፕሮቲን አገኘ። ሥራው አልታወቀም ነበር፤ ብዙዎች ሌላ ተጨማሪ የነዳጅ ፔዳል መሰላቸው። በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ጄምስ አሊሰን እና ለብቻው ያጠና የነበረው ጄፍሪ ብሉስቶን ግን ተቃራኒውን አገኙ፤ ፕሮቲኑ ፍሬን ነው። በ1995 ይህ ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች ተፈጠሩ። አይጦቹ በተወለዱ በሦስትና በአራት ሳምንታቸው የገዛ ቲ ሴሎቻቸው ልባቸውንና ሌላውን ብልታቸውን ወርረው ገደሏቸው። ፍሬኑ የተሠራው ወታደሩ የራሱን አገር እንዳያፈርስ ነው።

አሊሰን የቴክሳስ ልጅ ነው። እናቱን ገና ልጅ ሳለ በካንሰር አጥቷል። እሱ የጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ካንሰሩ ባለበት ሰውነት ውስጥ ይህን ፍሬን ለጊዜው ብንይዘውስ? አብሮት የሚሠራው ዳና ሊች በ1994 መጨረሻ ላይ በአይጦች ሞከረው፤ ፍሬኑ በፀረ እንግዳ አካል የተያዘላቸው አይጦች ዳኑ። አሊሰን ማመን አቃተው። በገና ዕረፍት ሙከራው እንዲደገም አድርጎ የትኛው አይጥ የትኛውን እንደወሰደ ሳያውቅ ራሱ እባጩን ይለካ ጀመር። መጀመሪያ ሁሉም እባጭ አደገ። ከዚያ በግማሾቹ ላይ እድገቱ ቆመ፤ ቀስ በቀስም ከሰመ። ሥራው በ1996 ታተመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ለአይጦቹ ምንም ጉልበት አልተጨመረላቸውም። የነበረው ወታደር ነው የተለቀቀው። ካንሰሩ ያደረገው ሰውነት ለሰላም ብሎ ያበጀውን ፍሬን ለራሱ መጠቀም ነው፤ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው።

ትልልቆቹ የመድኃኒት ኩባንያዎች ለዓመታት ፊት ነሱት፤ ካንሰርን በሰውነት መከላከያ ማከም ስሙ የጠፋ ሐሳብ ነበር። በመጨረሻ ሜዳሬክስ የተባለ አነስተኛ ኩባንያ ተቀበለውና ኢፒሊሙማብ የተባለው መድኃኒት ተሠራ። ሰው ላይ ሲሞከር ሌላ እንቅፋት መጣ። ኬሞቴራፒ የሚሠራ ከሆነ እባጩ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። በዚህኛው ግን በአንዳንዱ ሰው ላይ እባጩ መጀመሪያ ያብጣል፣ ከወራት በኋላ ይከስማል። ፋይዘር ተመሳሳይ መድኃኒት ሲሞክር ቆይቶ በ2008 ውጤት የለውም ብሎ ጥናቱን አቆመ። የኢፒሊሙማብ ሰዎች መለኪያውን ለወጡ፤ «እባጩ ስንት ሆነ?» ማለቱን ትተው «ሰውየው ስንት ዓመት ኖረ?» ብለው ጠየቁ።

መልሱ በ2010 መጣ። 676 ሕመምተኞች በሦስት ተከፈሉ፤ አንዱ ቡድን ክትባት ብቻ፣ አንዱ ኢፒሊሙማብ ብቻ፣ አንዱ ሁለቱንም። ክትባት ብቻ የወሰዱት አማካይ ዕድሜ 6.4 ወር ሆነ። ፍሬኑ የተለቀቀላቸው 10.1 ወር። ሁለቱንም የወሰዱት 10.0 ወር። ክትባቱ ምንም አልጨመረም። የመቶ ዓመቱ ክርክር በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ተፈረደ ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። የአራት ወር ልዩነት ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሦስተኛ ዓመታቸውን ያለፉት፣ ከአምስት አንዱ ገደማ፣ ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ አልሞቱም። መድኃኒቱ በማርች 2011 በአሜሪካ ተፈቀደ።

▪️ ሁለተኛው ፍሬን

ታሱኩ ሆንጆ የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ነው። በ1992 ፒዲ-1 የተባለ ፕሮቲን አገኘ። እሱም ፍሬን ሆኖ ተገኘ፤ ግን ለዘብ ያለ። ይህ ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች ወዲያው አይሞቱም፤ ቀስ ብለው ነው የሚታመሙት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብዙ ካንሰር ይህን ፍሬን የሚረግጠውን ፕሮቲን በራሱ ላይ ያበቅላል። ቲ ሴሉ ቦታው ድረስ መጥቶ፣ መታወቂያውን አይቶ፣ ሊመታ ሲል ይቆማል።

ይህን ፍሬን የሚለቁት ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ በ2014 ለሜላኖማ ተፈቀዱ። ካርተር የታመሙት ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ቀዶ ጥገናና ጨረርም ተደርጎላቸዋል፤ ስለዚህ ሁሉንም ለፔምብሮሊዙማብ መስጠት አይገባም። ቢሆንም ከሁለት ዓመት በፊት ታመው ቢሆን ኖሮ ይህ መድኃኒት በገበያ ላይ አልነበረም። በ2018 አሊሰንና ሆንጆ ኖቤልን ተካፈሉ። በ2024 የታተመ የአሥር ዓመት ክትትል ደግሞ ሁለቱም ፍሬኖች በአንድ ላይ ከተለቀቁላቸው የተሠራጨ ሜላኖማ ሕመምተኞች 43 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ በሕይወት እንዳሉ አሳየ። በማርሌ ዘመን ይህ ቁጥር ተረት ነበር።

ሮዘንበርግም ድካሙ ከንቱ አልቀረም። ከእባጩ ወጥተው የተራቡ ቲ ሴሎችን የሚጠቀም ሕክምና በፌብሩዋሪ 2024 ለሜላኖማ በአሜሪካ ተፈቅዷል። እዚያ የተደረሰው ግን የሕመምተኛው ሌሎች መከላከያ ሴሎች አስቀድመው በኬሞቴራፒ ተጠርገው ለአዲሶቹ ቦታ እንዲለቁ ከተደረገ በኋላ ነው። ነዳጁ የሚሠራው መንገዱ ሲጸዳ ነው።

▪️ ዋጋው

ፍሬን መልቀቅ በነፃ አይደለም። የተለቀቀው ወታደር አንጀትን፣ ጉበትን፣ ሳንባን፣ የእንቅርት እጢን ሊመታ ይችላል፤ አንዳንዱ ሰው በዚህ ይሞታል። ሐኪሞች ቪቲሊጎ፣ እኛ ለምጽ የምንለው ነጭ ምልክትም ቆዳቸው ላይ የሚወጣባቸው አሉ፤ ቲ ሴሎቹ ሜላኖማውን ሲያሳድዱ ጤነኛውን የቆዳ ቀለም ሴልም አብረው ስለሚገድሉ። ይህ ምልክት የወጣባቸው ሕመምተኞች በአማካይ ረዘም ያለ ዕድሜ እንደሚኖሩ ታይቷል።

የገንዘቡ ዋጋ ሌላ ነው። ኢፒሊሙማብ ሲወጣ የአራት መርፌ ዋጋ 120 ሺህ ዶላር ነበር። የ2024ቱ የቲ ሴል ሕክምና 515 ሺህ ዶላር ተተምኗል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ2019 ኒቮሉማብንና ፔምብሮሊዙማብን ለሜላኖማ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል፤ ማንኛውም የጤና ሥርዓት ሊኖረው ይገባል ማለት ነው። ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቸኛ የጨረር ማዕከሏ በነበረባት አገር ይህ ቃል ገና ወረቀት ላይ ነው።

▪️ ለእኛስ?

አንደኛ፦ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ሽፈራው ምግብና መጠጥ ናቸው፤ ይበሉ፣ ይጠጡ። «ኢሚዩኒቲ ጨምሮ ካንሰር ያድናል» ተብለው ሲሸጡ ግን ይህን ታሪክ አስታውሱ። የዓለም ምርጥ ሐኪሞች በጣም ኃይለኛ በሆነ ማጠናከሪያ መድኃኒት ሞክረው ከመቶ 16 ሰው ነው የረዱት። ማርሌም የመጨረሻ ወራቱን ያሳለፈው የሰውነትን የራሱን መከላከያ አበረታለሁ በሚል ጀርመናዊ ሐኪም ዘንድ፣ ባቫሪያ ውስጥ ነበር። አላዳነውም። የታመመ ዘመዱን ለማትረፍ ቤቱን የሚሸጥ ሕዝብ በዚህ ቃል መታለል የለበትም።

ሁለተኛ፦ የማርሌ ዓይነቱ ሜላኖማ በፀሐይ የሚመጣ አይደለም። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ሜላኖማ ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ግን በብዛት የሚወጣው በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር ነው። በፀሐይ ስላልተቧጨረ መታወቂያው ለቲ ሴል ብዙም እንግዳ አይደለም፤ ስለዚህ አዲሶቹ መድኃኒቶችም በእሱ ላይ ደከም ይላሉ። ካርተርን የጠቀመ መድኃኒት ለማርሌ ላይሠራም ይችል ነበር። ለእኛ ዓይነቱ ቆዳ ትልቁ መሣሪያ ዛሬም ቶሎ ማየት ነው። ሜላኖማ ከቆዳ ሳይዘልቅ በቀዶ ጥገና ከወጣ አብዛኛው ሰው ይድናል፤ ለዚህ ደግሞ መቶ ሺህ ዶላር አያስፈልግም።

ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ይህን ካንሰር ይዞ ሐኪም ጋ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ነው። ቁስሉን ጫማ የላጠው፣ እሾህ የወጋው፣ ኳስ ሲጫወት የተመታበት እየመሰለው ወራት ያልፋሉ። የማርሌንም ብዙዎች የኳስ ጉዳት ነው ብለውት ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ማታ እግራችሁን ስትታጠቡ ውስጥ እግራችሁንና ጥፍራችሁን እዩ። የእናት አባታችሁንም እዩላቸው። እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነጥብ፣ ጥፍር ላይ እየወፈረ የመጣ ጥቁር መስመር፣ ወይም አልድን ያለ ቁስል ካለ ሐኪም ይየው።